ከሊማሊሞ በታች፣ ውኃ በማይቋጥር አሸዋ ላይ

ይህን ጉዞ ከሄድኩት ብዙ ዓመት ሆኖታል። እንደተመለስኩ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ሰው አስይዝ ነበር። ዛሬ ግን ሊያዙ ይችሉ ከነበሩት አብዛኞቹ በሕይወት የሉም፤ የሚይዙትም ከወንበራቸው ወርደዋል። ከናንተ መካከል ሊማሊሞን ወርዳችሁ የማታውቁ፣ ምናልባትም የማትወርዱ ስለምትኖሩ ከመነሻው ጀምሬ ያየሁትን እነግራችኋለሁ።

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። አባቴ በታንኳ ዓሣ እያወጣ ነው ያሳደገኝ። ተምሬም ከዓሣ አልራቅሁም፤ በደርግ ጊዜ ሥራዬ ሐይቅ በሌለበት አገር ገበሬው ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ እንዲያረባ ማሳየት ነበር። ዝናብ ባጠረበት ዓመት ከደባርቅ በታች፣ አሸዋ ሜዳ ከሚባል ቀበሌ መልእክት መጣ። የገበሬ ማኅበሩ ትልቅ ኩሬ ቆፍሯል፣ ወንዙንም ጠልፎ አስገብቶበታል፣ ውኃው ግን አልቆም ብሏል። ሲሚንቶ በዚያ ዘመን ለጦር ሰፈር እንጂ ለዓሣ አይሰጥም። "ሂጂና በአገሩ ባለው ነገር ሠርተሽ አሳያቸው" ተባልኩ።

ሰኞ፣ ከባሕር ዳር ጎንደር

አውቶቡሱ ንጋት ላይ ተነሳ። ሐይቁ ላይ ጭጋግ ተኝቶ ነበር፤ ዓሣ አጥማጆቹ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። በየኬላው እየወረድን ተፈተሽን። የኔ ዕቃ ፈታሾቹን ግራ አጋባቸው፤ ገመድ፣ ውኃ ልክ፣ እጀታ የሌለው አካፋ።

"ይሄ ለምንድን ነው?" አለኝ አንዱ።

"ለዓሣ ኩሬ።"

"ዓሣው የት ነው?"

"ከደባርቅ በታች።"

ሁሉም ሳቁ፤ በሳቃቸው መሐል አለፍኩ።

ጎንደር ስንደርስ ቦቲ ጫማዬ ያለበት ከረጢት በሌላ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ወደ ሁመራ ሄዷል። ያደርኩበት ቤት ባለቤት፣ ጥቁር የለበሰች ሴት፣ እራቴን ስታቀርብልኝ ነገርኳት። ጓዳ ገባችና የወንድ ቦቲ ይዛ ወጣች።

"የባለቤቴ ነው። እሱ እንደሆነ ከእንግዲህ አይረግጥበትም" አለችኝ። ልከፍል ብል አልተቀበለችም። ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቅጥቄ ለካሁት። የሞተ ሰው ጫማ አድርጌ ጉዞ መቀጠሌ አልተመቸኝም፤ ባዶ እግሬን ጭቃ ከመርገጥ ግን ይሻል ነበር።

ማክሰኞ፣ በዳባት በኩል ደባርቅ

ከጎንደር ወደ ሰሜን ሲወጡ አየሩ እየቀጠነ ይሄዳል። በኛ አገር ነፋስ የውኃ ሽታ አለው፤ እዚህ የሚሸተው የገብስ ገለባና ቀዝቃዛ ድንጋይ ነው። ዳባት ላይ ለምሳ ወረድን። ሽሮ አብረውኝ የበሉ አንድ ሽማግሌ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ስነግራቸው የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት።

"አሸዋ ሜዳ? ውኃ የሚጠጣው መሬት?"

"አሸዋ ስለሆነ ነው አባ። አሸዋ አይቋጥርም።"

"እሱን እንኳ ተይው። ከሜዳው በላይ ያለውን ሰፈር ግን አትጠጊው። በቀን ድምፅ የለም ይላሉ።"

ደባርቅ የገባነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ባሕር ዳር በዚያ ሰዓት ሰው ወንበር አውጥቶ ደጅ ይቀመጣል፤ ደባርቅ ግን በሩን ዘግቶ ይከተታል። ባለ ቡና ቤቱ ብርዱን አይቶ ያለውን ጋቢ ከራሱ አልጋ ላይ ገፎ ደረበልኝ። ቢሆንም እስኪነጋ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ አደረ። እንዲህ ያለው ብርድ ቀረሶ ለሚባለው ዓሣ አይሆንም፤ ኩሬውን ወደ ቆላው ያወረዱት ለዚህ እንደሆነ ያን ጊዜ በደንብ ገባኝ።

ረቡዕ፣ ደባርቅ

መንገዱ ላይ ሽፍታም ተዋጊም ስለነበረ ሊማሊሞን ያለ ወታደር አጀብ መውረድ ክልክል ነው። አጀቡ የሚነሳው በማግስቱ ሆነ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና ወጣ አልኩ። ገብስ፣ ድንች፣ በግ፣ ጨው፣ ሁሉም አለ። ለመታጠቢያ የሚሆን ትንሽ ገንቦ ፈለግሁና ሸክላ የሚሸጥበትን ጠየቅሁ። አንዲት ጌሾ ሻጭ ባዶውን መደብ አሳየችኝ።

"እዚያ ነበር የሚቀመጡት። ከክረምት ወዲህ አልወጡም።"

"ምን ነክቷቸው?"

"እኔ ምን አውቄ!" አለችና ፊቷን አዞረች። ገበያው ያን ያህል ተጨናንቆ ሳለ ባዶው መደብ ላይ ማንም አልተቀመጠም።

ሐሙስ፣ ሊማሊሞ

የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ከወታደር መኪኖቹ ኋላ ተሰልፎ ተነሳ። ሊማሊሞን በቃል መንገር ይከብዳል። መንገዱ ገደሉን እየታከከ ይጠማዘዛል፤ ከላይ ስታዩት ትወርዱበታላችሁ ያላችሁት መንገድ ጉም ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። መሐል ላይ ፍሬናችን መሽተት ስለጀመረ ሾፌሩ ከመስመር ወጥቶ ሞተሩን አጠፋ። የአጀቡ ድምፅ ከታች ራቀ። ከመንገዱ ጠርዝ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ግጦሻቸውን ትተው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ያዩናል። ገደሉ ውስጥ የተገለበጠ የጭነት መኪና ጎማው ወደ ሰማይ እንደሆነ ዝጓል።

"አትዪው" አለኝ ሾፌሩ። "እኔ ስወርድ አላየውም።"

ታች ስንደርስ ሙቀቱ ፊቴን እንደ ምድጃ መታው። አሸዋ ሜዳ ከመንገዱ ገባ ያለች፣ ማሽላ የተዘራባት፣ ወንዙ ያመጣው አሸዋ የተነጠፈባት ቀበሌ ናት። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ድረስ ሊቀበሉኝ ወጥተው ነበር፤ ሃምሳን ያለፉ፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ወንድ ነበር የጠበቁት። ቦቲዬን አዩና ፊቴን አዩ።

"የዓሣዋ ሴት አንች ነሽ?"

"ነኝ አያ።"

"እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። ከኔ ቤት ታድሪያለሽ።"

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ለብ ባለ ውኃ እግሬን አጠቡልኝ፤ የማሽላ እንጀራ በአደንጓሬ ወጥ አበሉኝ፤ መደቡን ለኔ ለቀው እነሱ መሬት ላይ ተኙ። ከመተኛቴ በፊት ደጅ ወጥቼ አየሁ። ከሜዳው በላይ፣ ጉብታው ላይ፣ ጎጆዎች ተኮልኩለዋል። በቀኝ በኩል ካለው ቤት ቀጭን ጭስ ይወጣል። ከሌሎቹ ግን ምንም አልነበረም።

ዓርብ

ኩሬውን አየሁት። ጥሩ ተቆፍሯል፤ ችግሩ ግን ገና ስረግጠው ታወቀኝ። አፈሩን አርጥቤ በመዳፌ ጨበጥኩት፤ ስለቀው ተበተነ። የወንዙን ውኃ እንዲለቁበት ጠየቅሁ። ውኃው አረፋ እያወጣ ገባና መሐል ላይ ተሰበሰበ። ከዚያ ከሥር የሆነ ነገር ሲመጠው የሚመስል ዝቅ ያለ ድምፅ ተሰማ። እያየነው ወረደ። ከቆፋሪዎቹ ሁለቱ አማተቡ።

"ከሥር የተጠማ አለ" አለ አንዱ።

"አሸዋ ነው" አልኩ፤ ድምፁ ግን እኔንም ቀፎኝ ነበር።

አሸዋ ላይ ውኃ ለማቆም ጭቃ ያስፈልጋል። የሚያጣብቅ፣ ሲድበለበል የማይሰነጠቅ ጭቃ። ከሱ ጋር እበትና ጭድ አዋህዶ፣ አውድማ እንደሚለቀለቀው ግን ወፈር አድርጎ ኩሬውን ማልበስ ነው። እበትና ጭድ ሞልቷል፤ የጠፋው ጭቃው ነው። ከአያ ድረስ ጋር ቀኑን ሙሉ ስንፈልግ ዋልን። ወንዙን ወረድን፣ ማሽላውን ዞርን፤ ሁሉም አሸዋ ነው። ወደ ጉብታው ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልወሰዱኝም።

"እዚያስ አያ?"

"እዚያ የቤተ እስራኤል ሰፈር ነው። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ናቸው።"

"ሸክላ የሚሠሩ ከሆነማ ጭቃ አላቸው!"

"አይኬድም።"

"ለምን?"

"አይኬድም አልኩሽ ልጄ።" ድምፃቸውን አላነሱም። ከኋላችን የነበሩት ሰዎች ግን እግራቸውን አቁመው መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ስለዚያ ሰፈር የሚወራውን በኋላ ከአንዱ ሰማሁ፤ ቡዳ ናቸው፣ የቀረባቸው ከብቱ ይሞትበታል የሚባለውን ነው። እንዲህ ያለውን ወሬ ባሕር ዳርም በልጅነቴ ሰምቼው ነበር፤ ያኔም አላመንኩትም።

አመሻሽ ላይ ቀና ብዬ ሳይ ከጉብታው ጭስ የለም።

ቅዳሜም አልነበረም። ቅዳሜ ማታ ግን ከዋክብት ሲወጡ አንድ ጭስ ታየ፤ ያውም ሐሙስ ባየሁበት ቤት አይደለም፣ በግራ ጫፍ ባለው ነው። ወይዘሮ ጥሩወርቅም እያዩት ኖሯል። ሳያቸው ወደ ውስጥ ገቡ።

እሑድ

ቀበሌው በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አሞኛል ብዬ ቀረሁና ወደ ጉብታው ወጣሁ። ለሥራዬ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩት፤ በከፊልም እውነት ነበር።

ከአንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ ሥር ጉድጓድ አገኘሁ፤ ውስጡ የሚያምር፣ ቡናማ፣ እንደ ቅቤ የሚለሰልስ ጭቃ አለ። እዚያው መመለስ ነበረብኝ። ነገር ግን ዝምታው ገረመኝ። ከጎጆዎቹ በታች ቆሜ ውሻ አልጮኸብኝም። የሙቀጫ ድምፅ የለም፣ የሕፃን ልቅሶ የለም፣ ዶሮም የለም።

ገባሁ። በየደጁ ያልተተኮሱ እንስራዎችና ድስቶች እንደተደረደሩ ፀሐይ ሰንጥቋቸዋል። የቀጥቃጩ ወናፍ ከነቆዳው ተጋድሟል። በሮቹ ሁሉ ገርበብ ብለዋል። አንዱን ቤት አየሁ፤ ሰው የለም። ሁለተኛውንም፤ ሰው የለም። ምድጃው ውስጥ አመዱ ገና ሞቅ ያለ ነው። ወረርሽኝ የጨረሳቸው መሰለኝና አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ከዚያ መሬቱን አየሁ። በየደጁ፣ በየመንገዱ፣ ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው ኮቴ አንድ ነው። ቀኝ እግሩ ሙሉ ይረግጣል፤ ግራው አፈሩን እየሰነጠቀ ይጎተታል። በአጠገቡ የምርኩዝ ምልክት አለ። በሰፈሩ ውስጥ ሌላ ኮቴ አልነበረም፤ የኔው የሞተ ሰው ቦቲ ብቻ ሲከተለው አየሁ።

"ከማን ወገን ነሽ?"

ከኋላዬ ነው። ጮኼ ዞርኩ። አጭር፣ ነጭ ፀጉራቸውን በጨርቅ ያሰሩ አሮጊት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

"አትንኪኝ፤ እኔም አልነካሽም" አሉ፤ ሕጋቸው ከወገናቸው ውጭ የሆነን ሰው መንካት ይከለክላል። "የመንግሥት ነሽ?"

"የዓሣ ኩሬ ልሠራ የመጣሁ ነኝ እማማ። ጭቃ ፈልጌ ነው።"

"ጭቃ!" ሳቁ፤ ጥርስ የሌለው ሳቅ ነው። "እሱማ ሞልቷል። የሚያድበለብለው ነው የጠፋ።"

"ሰዎቹ የት ናቸው?"

"የትኞቹ ሰዎች?"

ገርበብ ያሉትን በሮች አየሁ። እሳቸውም ፊቴን መረመሩ። ካሁን ወዲያ ሊደብቁኝ እንደማይችሉ የገባቸው መሰለኝ።

"ሄዱ" አሉ በመጨረሻ። "ልጆቼም፣ የልጆቼም ልጆች፣ ሰፈሩ በሙሉ። በሱዳን በኩል። ወደ ኢየሩሳሌም። እኔ እግሬ አይሄድም። ተሸክመውኝ ሊሄዱ ነበር፤ እምቢ አልኩ።"

"ታዲያ በየቤቱ እሳት የሚያነዱት ለምንድን ነው?"

እንደ ሕፃን ነው ያዩኝ። "እስኪርቁ ነዋ።"

እማማ ያልጋነሽ ይባላሉ። የሄዱት ሰዎች በእግር፣ ሕፃን ይዘው፣ ወታደርና ሽፍታ ባለበት በረሃ ነው የሚሄዱት። መንግሥት መሄዳቸውን ካወቀ ከፊት ያለውን መንገድ ይዘጋባቸዋል፤ ከተያዙም እስር ቤት ነው። ስለዚህ አሮጊቷ ከሰንበት በቀር በየማታው ቤት እየቀየሩ እሳት ያነዳሉ፤ ከታች ለሚያይ ሰፈሩ እንዲኖር።

"ጭቃውን ውሰዱ" አሉኝ። "ሰው ግን ከሾላው አይለፍ።"

ከሰኞ እስከ ረቡዕ

ሰኞ ጠዋት ለአያ ድረስ መውጣቴን ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

"ምን አየሽ?"

"ጭቃ አየሁ።"

"ሌላስ?"

"ጭስ አየሁ። የሰው ሰፈር ነው፣ ጭስ አለው።"

ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ ወጥተው ሰዉን ጠሩ። ቁፋሮው ከሾላው በታች ብቻ እንዲሆን፣ ያለፈ ሰው ቢታመም እንዳይወቅሳቸው ተናገሩ።

ያን ቀን ያየሁትን አልረሳውም። ቆፋሪዎቹ ሾላው ሥር ደርሰው ዶማቸውን ከማንሳታቸው በፊት አንዱ ሰው ጎጆዎቹን ቀና ብሎ ሳያይ፣ "እንደምን አደራችሁ!" ብሎ ጮኸ። ከላይ መልስ አልመጣም። ሌሎቹም አንድ በአንድ እንደሱ ሰላምታ ሰጡ። መልስ አለመምጣቱ ማንንም አልገረመው። ዶማቸውን አነሱና ሥራ ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ ከአንዱ ጎጆ የሙቀጫ ድምፅ ተሰማ፤ ቆመ፤ ከሌላው ጎጆ ጀመረ። በሁለቱ መካከል ያለው ዝምታ አንዲት አንካሳ ሴት ሙቀጫና ዘነዘና እየጎተተች የምትሄድበት ያህል ነበር። ማን እንደሚያውቅ፣ ማን እንደማያውቅ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

ኩሬው ጋ ሥራው ደግ ሆነ። ጎኖቹ ቀጥ ብለው ስለነበር ጭቃው እንዳይንሸራተት አስተኛናቸው። ከሥር እርጥብ እበት አነጠፍን፣ በላዩ ሣርና ቅጠል፣ ከዚያ ጭድ የገባበትን ጭቃ ስንዝር ያህል አለበስነው። ውኃ በሚገባበት በኩል ጭቃውን እንዳይቦረቡረው ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረደርን። ከዚያ በሬዎቹ ገቡ። እንደ ውቂያ ዙሪያውን እያስረገጥናቸው፣ ሰዎቹ ለበሬ የሚሉትን ዜማ ይላሉ፤ ግን ዝቅ አድርገው። በኛ አገር ሰው ሲሠራ እስከ ሐይቁ ማዶ እስኪሰማ ይዘፍናል። እዚህ ጉብታው የሚያዳምጥ ይመስል ዜማው ከኩሬው አፋፍ አይወጣም ነበር። አንድ ቦቲዬ ጭቃው ውስጥ ተውጦ ቀረ፤ ለማውጣት ሁለት ሰው ጎተተኝ፤ ያን ጊዜ ብቻ ሁላችንም ጮክ ብለን ሳቅን።

ሐሙስ

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ቀና ብዬ አየሁ፤ ጭስ የለም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ደጅ ቆመዋል።

"ቆየ" አሉ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

የጉብታውን መንገድ ወጣሁ። እማማ ያልጋነሽ ከእንጨት ክምሩ አጠገብ ወድቀዋል። ወገባቸውን ይዘው ያቃስታሉ። ልጠጋ ስል እጃቸውን አነሱ፤ ከዚያ መልሰው ጣሉት።

"ኋላ እታጠባለሁ። አንሺኝ" አሉ። ሳነሳቸው እንደ ሕፃን ቀለሉኝ። አልጋቸው ላይ አሳረፍኳቸው።

"እኔን ተይኝ። እሳቱን።"

"የማን ቤት ነው ተራው?"

"የልጄ የተገኘ። ወናፍ ያለበት።"

ገባሁ። የማላውቀው ሰው ቤት ውስጥ፣ በማላውቀው ምድጃ ላይ ጎንበስ ብዬ እሳት አቀጣጠልኩ። ግድግዳው ላይ የሕፃን ማዘያ ተሰቅሏል። ከመደቡ ሥር ትንንሽ የሸክላ በግና ላም ተደርድረዋል፤ አንዱ በግ ራሱ ተሰብሮ በጭቃ ተጠግኗል። እሳቱ ሲይዝ ጥላዬ ግድግዳው ላይ ተነሳና የባለቤቲቱ መሰለኝ። እሷ ብትገባ ምን እላታለሁ እያልኩ ነበር።

ስወጣ ከማዶው ጎጆም ጭስ ይወጣል።

እማማ ያልጋነሽ አይነሱም፤ ሌላ ሰው ደግሞ የለም። መሮጥ ፈለግሁ፤ እግሬ ግን ወደዚያው ወሰደኝ። በሩን ስገፋ አንድ ሰው ምድጃ ላይ ተደፍቶ እፍ ይላል። ቀና አለ። አያ ድረስ ናቸው። ጭሱ ዓይናቸውን አስለቅሶታል።

ተያየን።

"እንጨቱ እርጥብ ነው" አሉኝ።

አብረን ወረድን። መንገድ ላይ ተናገሩ። ተገኘና እሳቸው አብረው ነው ያደጉት። የሚሄዱ ዕለት መጥቶ ከደጃቸው ቆሞ፣ "እናቴን አደራ፣ መንገዳችንንም አደራ" ብሏቸዋል።

"ቡዳ ናቸው እያልኩ ወሬውን ያባባስኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ሰው እንዳይጠጋ። በተናገርኩት ቁጥር ምላሴን ያሳክከኝ ነበር።"

"ዛሬ ጭሱ ሁለት ሆነ እኮ አያ።"

"ደግ ነው። እንግዳ መጣባቸው ይባላል።"

ዓርብና ቅዳሜ

ዓርብ ውኃውን በቀጭኑ ለቀቅነው፤ ቀኑን ሙሉ እየሞላ ዋለ። ያ የመምጠጥ ድምፅ አልተሰማም። በደረሰበት ልክ ችካል ተክዬ ምልክት አደረግሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሲጠብቀኝ ደረስኩ። ውኃው ከምልክቱ ላይ ነው። አልወረደም። ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ከመንገዱ በኩል የመኪና ድምፅ መጣ።

ካድሬው ካኪ የለበሰ፣ ወጣት፣ ከኋላው ሁለት ወታደር ያስከተለ ሰው ነው። ኩሬውን እንኳ አላየውም።

"እዚያ ላይ ያሉት ሰዎች እንዴት ናቸው?" አላቸው አያ ድረስን።

"እንደ ድሮው ናቸው ጓድ።"

"በሌላ ቀበሌ እንዲህ ያሉ ሰፈሮች ባዶ ሆነው ተገኝተዋል። ጭስ አላይም።"

"ቅዳሜ ነው። ሰንበታቸው ነው። እሳት አያነዱም።"

ካድሬው ወደኔ ዞረ። "እርስዎ ከባሕር ዳር የመጡት ነዎት? እነዚህን ሰዎች አይተዋል?"

ከኋላዬ ያለው ሕዝብ ትንፋሹን ሲይዝ ተሰማኝ።

"ሐሙስ ማታ ከሁለት ቤት ጭስ ሲወጣ አይቻለሁ" አልኩ። "ጭቃውንም ከነሱ ጉድጓድ ነው ያመጣነው።"

"አነጋግረዋቸዋል?"

"አነጋግሬያለሁ። 'አትንኪኝ' ተብዬ ተባረርኩ።"

ወታደሮቹ ሳቁ። ካድሬው ግን አልሳቀም። ጉብታውን ረጅም ጊዜ አየው። ወታደሮቹ ደግሞ ሾላውን ያያሉ፤ ወሬው እነሱም ዘንድ ደርሷል መሰለኝ፣ አንዳቸውም እንሂድ አላሉም።

"ማክሰኞ ከዓዲ አርቃይ ስመለስ ራሴ እወጣለሁ" አለና ሄደ።

መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ እልልታው መጣ፤ ለውኃው ይሁን ለሌላው፣ አልጠየቅሁም።

ሰኞ፣ መመለሻ

እሑድ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቅቤና ሾርባ ይዘው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያያቸው፣ ሾላውን አልፈው ወጡ። ሰኞ ላንድሮቨሩ ሲመጣ አያ ድረስ ስንቄን ራሳቸው ጫኑልኝ። ማክሰኞን አላነሳንም። ሊማሊሞን ስንወጣ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ኩሬው እንደ መስተዋት ያበራ ነበር፤ ከጉብታው ላይ ደግሞ፣ በጠዋት፣ ጭስ ነበር።

የሆነውን የሰማሁት ከቀጣዩ ክረምት በኋላ፣ የዓሣ ጫጩቶቹን ይዤ ስመለስ ነው። ካድሬው እንደ ቃሉ ማክሰኞ ወጣ። እማማ ያልጋነሽ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። "ሰዎቹ መቼ ሄዱ?" ሲላቸው፣ "ዛሬ ጎሕ ሲቀድ" አሉት። ወታደሮቹ አምነው በቅርብ ያሉትን ጫካዎችና ሸለቆዎች ሲያስሱ ሰነበቱ፤ የሄዱት ግን ሱዳን ለመድረስ የሚበቃ ጊዜ አግኝተዋል። አያ ድረስን ደባርቅ ወስደው አሰሯቸው። አሮጊቷን ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤታቸው አስገብተው ጠወሩ። አሮጊቷ ሐምሌ ላይ ዐረፉ። በወገኖቻቸው መቃብር፣ የቀበሌው ሰው ቆፍሮ ቀበራቸው።

አያ ድረስ ከተፈቱ ብዙ አልሆናቸውም ነበር። ከስተዋል፣ ራሳቸው ተላጭቷል። ጫጩቶቹን የያዙትን ባልዲዎች ኩሬው ዳር ውኃው ውስጥ አስቀመጥናቸው፤ የባልዲውና የኩሬው ውኃ ሙቀት እስኪስማማ ካልተጠበቀ ዓሣው ደንግጦ ይሞታል። እሳቸው ሰዉን አርቀው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

"እናንተ አገር ሬዲዮ በደንብ ይሰማል" አሉኝ በሹክሹክታ። "የውጩ። ደረሱ ይላል?"

"ብዙ ሰው ደረሰ ሲሉ ሰምቻለሁ። መንገድ ላይ የቀረም ብዙ ነው አሉ።"

"ስም ጠሩ?"

"ስም አልጠሩም አያ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ውኃውን እያዩ እሳቸው ይጠሩ ጀመር። ተገኘ፣ ሚስቱ ብርቄ፣ ልጆቻቸው። ከዚያ የጎረቤቱ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ቤት፣ ከቀኝ ጫፍ እስከ ግራ ጫፍ፤ ሽማግሌውንም፣ ገና ስም ያልወጣላትን አራስ ሕፃንም። አንዱን ከረሱ ወደ ኋላ ተመልሰው ይጀምራሉ። አላቋረጥኳቸውም። ባልዲው ውስጥ ያሉት ዓሦች ቀስ በቀስ መተራመሳቸውን ተዉ።

ሲጨርሱ እጃቸውን ውኃው ውስጥ ነከሩና ባልዲውን ዳሰሱ።

"በይ ልጄ" አሉኝ። "አሁን ልቀቂያቸው።"